ስሙን ፈርቼ የሸሸሁት መርፌ

አንድ መርፌ ልወጋ ወይስ ልተው ብዬ ከሰው ተጣልቻለሁ፣ ከማኅበር ጽዋ ተለይቻለሁ፣ በመጨረሻም ዓይኗን ማየት የማልፈልጋትን ሴት መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ሐኪም ቤት አድርሻለሁ። ሁሉም የሆነው ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ዕድሜያችሁ ሃምሳን ለተሻገረ፣ ሐኪማችሁም ያንኑ መርፌ ለጠራላችሁ ነው። አንባቢ ለመማረክ አልጽፍም። አሁንም ተናድጃለሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ ምግብ አቀርባለሁ። ባሌ ታደሰ ልቡ ድንገት ቆሞበት ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ ልጅ አልተሰጠንም። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው ኑሮዬ። ጥንቁቅ ነኝ። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ በመነጽር ሳላነብ አንዲት ክኒን አልውጥም። የሥጋ ቢላዬና የሽንኩርት ቢላዬ ተገናኝተው አያውቁም። ሰው «አበዛሽው» ይለኛል። ላብዛው።

የባሌ እህት ብርቄ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። በዕድሜ ትበልጠኛለችና ባሌ በሕይወት ሳለ አንቱ ነበር የምላት። በቀብሩ ዕለት ግን በሰው ሁሉ ፊት «ወንድሜን በሥራና በጾም ጨረሰችው!» ብላ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት። ገብቷታል። እንዳንለያይ ያደረገን የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን ብቻ ነው። በየወሩ በየተራ ቤታችን እንሰበሰባለን፣ ዳቦ እንቆርሳለን፣ ጽዋውን እየተቀባበልን እንጠጣለን። እኔን በማኅበሩ ያቆየኝ ስለቴ ነው። እሷን ያቆያት ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ያ ረቡዕ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ፖለን የሚሉት የዛፍ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብስበት፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚያሽበት ሰሞን። ለዓመታዊ ምርመራ ሄድኩ። ሐኪሟ ደም ግፊቴንም ስኳሬንም አይታ አመሰገነችኝና «ሺንግልስ» አለች።

እኔ የማውቀው ሺንግልስ የጣሪያ ክዳን ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ሌላ ወሬ የለም፤ ሺንግሉ ይቀየር፣ ሺንግሉ ይጠገን ነው። ይህቺ ፈረንጅ የጣሪያችንን ጉዳይ ከየት ሰማችው ብዬ ተገርሜ፣ በእንግሊዝኛዬ «ኮሚቴው እየተነጋገረበት ነው» አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ስልኩን አነሳችና አስተርጓሚ ጠርታ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የወንድ ድምፅ ነው፤ በጣም ትሁት።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? ሐኪሟ የሚሉት፣ ዕድሜዎ ሃምሳን ስላለፈ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ቢወጉ መልካም እንደሆነ ነው።»

«የምን?»

«የአልማዝ ባለጭራ፣ እናቴ።»

ይህን ስም የማያውቅ ወጣት ካለ ላስረዳው። አልማዝ ባለጭራ ከሰውነት በአንድ ጎን የሚወጣ፣ ውሃ የቋጠረ፣ እንደ እሳት የሚያቃጥል ሽፍታ ነው። ከጀርባ ወደ ሆድ፣ ወይም ከግንባር ወደ ዓይን እየተሳበ ይሄዳል፤ ለዚያ ነው ባለጭራ የተባለው። እኔ ወጣት በነበርኩበት ዘመን ግን አዲስ አበባ ላይ ይህ ስም የሌላ ስም መሸፈኛ ነበር። ኤድስ መድኃኒት ያልነበረው ጊዜ ነው። አቅማቸው የደከመ ወጣቶች ላይ ሽፍታው ቶሎ ይወጣ ነበርና፣ ሰው ትልቁን ስም መጥራት ሲፈራ «አልማዝ ወጣባት» ይል ነበር። አለቀ። የጎረቤታችን ልጅ ፊቷ ላይ ወጥቶባት አንድ ዓይኗ ጠፋ። ስትሞት ለቀስተኛው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው አልቅሶ የሄደው።

እንግዲህ ከታደሰ ሌላ ወንድ የማላውቀውን እኔን ነው በስልክ አልማዝ ባለጭራ የሚለኝ።

«ማን መስዬህ ነው?» አልኩት።

«ይቅርታ እናቴ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ።»

«ምን አግኝታብኝ ነው በላት! ደሜ ውስጥ ምን አየች?»

ተነጋገሩ። «ምንም አላገኘሁም፣ በዕድሜዎ ምክንያት ነው ይላሉ።»

«ዕድሜዬ ምን አደረጋት?»

«ልጅ ሳሉ ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል ወይ ይላሉ።»

«ያልወጣበት ማን አለ! እኔን ብቻ ለምን ትጠይቃለች?»

«ዕድሜው ለደረሰ ሁሉ ነው የምናገረው ይላሉ።»

«እንግዲያው ለሁሉም ትናገር። እኔን ትተወኝ!»

ይህን እንዴት አድርጎ እንዳለሰለሰው አላውቅም፤ ሐኪሟ ፈገግ ብላ «አስቢበት» አለችኝና ወጣሁ።

ቤት ሳልደርስ ብርቄ ደወለች።

«ወይንሸት፣ ቅዳሜ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ዳቦውን ትጋግሪያለሽ ወይስ ልግዛ?»

«እጋግራለሁ።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ንዴቱ አልበረደልኝም። «ሐኪሟ ናት ያናደደችኝ። የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ተወጊ አትለኝም!»

«አልማዝ ባለጭራ?»

«አዎ።»

«እና ምን አልሻት?»

«እምቢ አልኳት!»

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «በይ እግዚአብሔር ይማርሽ።» ስልኩ ተዘጋ።

ይማርሽ የሚባለው ለታመመ ሰው ነው። ያኔ አላስተዋልኩትም።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ለዳቦው ጥቁር አዝሙድ ልገዛ ወደ አበሻ ሱቅ ገባሁ። ሰናይት የምትባል የማኅበራችን አባል አገኘችኝ። ሰናይት ሰው ስታገኝ ጉንጭና ጉንጭ እያገላበጠች የምትስም ሴት ናት። ያን ቀን ግን የሱቁን ጋሪ በእኔና በእሷ መካከል አቆመችው።

«እግዚአብሔር ይማርሽ እህቴ። አይዞሽ፣ ዘንድሮ እኮ መድኃኒት አለው።»

«ለምኑ?»

«ለሁሉም» አለች ዙሪያዋን እያየች።

«ሰናይት፣ ምን ሰማሽ?»

«ብርቄ ናት። ለወሬ አይደለም፤ በጸሎት እንድናስብሽ ብላ ነው ለሁላችን የደወለችው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሽ ታደሰ... በልባቸው ነው ያረፉት ብላችሁ ነበር አይደል?»

ጥቁር አዝሙዱን ከፍዬ ወጣሁ። በጸሎት እናስብሽ እያሉ ሰው የሚቀብሩ ሴቶች እንዳሉ አውቅ ነበር፤ ከእኔ ጋር የሞተ ባሌን ደግመው ይቀብሩታል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለነፍስ አባቴ ደወልኩ።

«አባ፣ ሐኪም ክትባት ተወጊ አለችኝ። ለዚያ... ለሽፍታው።»

«ለየትኛው ሽፍታ ልጄ?»

«ለአልማዝ ባለጭራ።»

«እህ፣ እሱን እኔም ተወግቼዋለሁ። ክንዴን አሞኝ መስቀል ማንሳት አቅቶኝ ነበር፤ ኋላ ተወኝ።»

ደነገጥኩ። «ኃጢአት የለበትም?»

«እኔ ንስሐ ነው የምሰጠው፣ ክትባት አልሰጥም። እሱን ሐኪምሽን ጠይቂ።»

«ሰውስ ምን ይላል አባ?»

«እሱን ደግሞ ሰውን ጠይቂያ! በይ ፓርኪንግ ላይ ነኝ፣ መኪና መጣብኝ።» አባም እንደ ሁላችንም ሥራ ላይ ናቸው፤ መኪና ማቆሚያ ነው የሚሠሩት።

ስለዚህ በእግዚአብሔር በኩል ያለው ያን ዕለት አለቀልኝ። የቀረኝ ሰው ነበር። ብወጋ «ያውና፣ መድኃኒት ጀመረች» ይላሉ። ብተወው ደግሞ «አልፏታል፣ መርፌ ከእንግዲህ ምን ይሠራላታል» ይላሉ። ቁጭ ብዬ አሰብኩና ወሰንኩ፤ አልወጋም። ለአንድ መርፌ ብዬ የታደሰን ስም በሰው አፍ አላስገባም። ቅዳሜ ሄጄ ፊታቸው እቀመጣለሁ፣ ጤነኛ መሆኔን አይተው ያፍራሉ አልኩ።

ቅዳሜ ዳቦዬን በፎይል ጠቅልዬ፣ ቤልትዌይ የሚሉትን ቀለበት መንገድ ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ገባሁ። ብርቄ በሩን ከፈተችልኝ። ሻሿን ከወትሮው ዝቅ አድርጋ እስከ ግራ ቅንድቧ አስራለች፤ ቤት ውስጥ ሆና ጥቁር መነጽር አድርጋለች።

«ፖለኑ ነው» አለች ሳልጠይቃት። «ዓይኔን ገደለኝ።» ዳቦውን በሁለት ጣቷ ተቀበለችኝ። አልሳመችኝም።

ሴቶቹ ሶፋው ላይ ጠጋ ጠጋ ብለው ተቀምጠዋል። ስገባ ይበልጥ ተጠጋጉና ሶፋው ጫፍ ላይ ሰፊ ቦታ ለቀቁልኝ። ቄስ ሥራ ላይ ስለነበሩ ጸሎቱን ያደረሱት የማኅበሩ ታላቅ እትዬ ዘነቡ ናቸው። ከጸሎቱ በኋላ ዳቦው ቀረበ። አየሁት። የእኔ አይደለም፤ ተቆርጦ በላስቲክ የሚሸጠው የሱቅ ዳቦ ነው። የእኔ በማድቤቱ በር በኩል ይታየኛል፤ ከነፎይሉ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል።

ዋጥ አደረግኩት። በእመቤታችን ቀን ለዳቦ አልጣላም ብዬ።

ከዚያ ጽዋው ዞረ። ብርዙ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአፍ ወደ አፍ መጣ። ሰናይት ጋ ደረሰ፤ ጠጣች፤ ወደ እኔ ልታዞረው ስትል ብርቄ መሃላችን ገብታ ጽዋውን ተቀበለቻትና በሌላ እጇ የፕላስቲክ ኩባያ ዘረጋችልኝ።

«ላንቺ በዚህ ቀድቼልሻለሁ።»

ኮቪድ ጊዜ ሁላችንም በፕላስቲክ ጠጥተናል። ያ ካለፈ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ጽዋ የተለየ ሰው አላውቅም።

«ለምን?» አልኩ።

«ላንቺው ብዬ ነው። አቅምሽ ደካማ ስለሆነ ሰው ጉንፋን እንዳያስይዝሽ።»

«አቅምሽ ደካማ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«እባክሽ አታናግሪኝ።»

«ተናገሪ እንጂ! በስልክ ተናግረሽ የለ?»

«አንቺው አይደለሽ በአፍሽ የነገርሽኝ? አልማዝ ባለጭራ አሉኝ አላልሽም?»

«ክትባት ተወጊ አሉኝ ነው ያልኩሽ!»

«ያልታመመ ሰው ምን ሊሆን መርፌ ይወጋል?»

ከሶፋው «እሱስ እውነት ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ዞርኩባቸው። «ኮቪድ ጊዜ ተሰልፋችሁ ስትወጉ ሁላችሁም ታማችሁ ነበር?»

«ልጆች! ጽዋ ተይዞ!» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«እርስዎ ይቅር ይበሉኝ እትዬ ዘነቡ፣ ዛሬ ዝም አልልም።» ተነሳሁ። «ብርቄ፣ እኔ ላይ አለ ስትዪ ወንድምሽ በምን ሞተ ልትዪ ነው? ያረከስሽው የማንን ስም እንደሆነ ገብቶሻል?»

«ወንድሜን አትጥሪብኝ! እሱን ጨርሰሽ አሁን ደግሞ እኔን...»

አቋረጠች። እጇ ወደ ግንባሯ ሄደ፤ ሊነካው ሲል ግን እንደ ጋለ ምጣድ ሸሽቶት ተመለሰ። ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ተከተልኳት። ልረዳት አልነበረም፤ ጠቡን ልጨርስ ነው የሄድኩት።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መነጽሯን አውልቃለች። ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። ከግራ ቅንድቧ እስከ ፀጉሯ ሥር ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ተነስቶባታል። የዓይኗ ቆብ አብጦ ሊዘጋ ነው። አፍንጫዋ ጫፍ ላይም አንዲት ወጥታለች። ግንባሯ መሃል ላይ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል በአንድ ወገን ቆሟል።

«አልማዝ» አልኩ።

«አትጥሪው!»

«መቼ ወጣብሽ?»

«ሰሞኑን ራሴን ሲወጋኝ ነበር። ትናንት ነው የወጣው።» ቀና ብላ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። ፍርሃትና ጥላቻ አንድ ላይ እንዲህ አይቼ አላውቅም። «አንቺ ነሽ ያስያዝሽኝ። ባለፈው እሑድ ጉንጬን ስመሽኝ!»

«በሰው ፊት ስለነበርን ነው የሳምኩሽ! ወድጄ መሰለሽ?»

«እንዲያውም! በግድ የሳመ ሰው ነው የሚያስይዘው!»

እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ነጠላዬን ጥዬ «እስቲ አሳዪኝ፣ የቱ ጋ ነው ያለብኝ?» አልኳት። ፊቷን አዞረች።

እውነቱን ልንገራችሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ሴቶቹ ሁሉ ሳሎን ናቸው። እጇን ይዤ ባወጣት ስሜም የታደሰም ስም እዚያው ይጸዳል፤ የእሷ ይቀበራል። ይህን አሰብኩት። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፣ ደስ እያለኝ ነው ያሰብኩት። ግን ያ ዓይን ሊዘጋ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዓይን እንዴት እንደጠፋ አይቻለሁ።

«ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«እንግዶቼን ጥዬ?»

«ዓይንሽን ከምትጥዪ እንግዶችሽን ጣዪ።»

«ታውሬ ብቀር ይሻለኛል፣ ካንቺ ጋር አልሄድም።»

«እሺ ታወሪ። ከታወርሽ በኋላም መንገድ የምመራሽ እኔ ነኝ፤ ልጆችሽ ያሉት ቴክሳስ ነው። ያኔ እናያለን ምን ያህል እንደምትወጂኝ።»

ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

ሳሎን ስንወጣ «ብርቄን ዓይኗን አሟታል፣ አድርሻት እመጣለሁ» አልኩ። «ፖለኑ ነው! ፖለኑ እኮ ዘንድሮ!» አሉ ሁሉም። አንዷ የዓይን ጠብታ ከቦርሳዋ አወጣች። ብርቄ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

መኪናው ጋ ስንደርስ የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

«ታክሲ መሰለሽ? ከፊት ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ይብስብኛል።»

እንደ ታክሲ ይዣት ሄድኩ። መስኮት ስከፍት ዝጊ፣ ስዘጋ ክፈቺ፤ ስፈጥን ልትገድይኝ ነው፣ ስዘገይ ሆን ብለሽ ነው። እኔም አልተኛሁላትም።

አስቸኳይ ሕክምና ቤት ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው። ግንባሯን አየ፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያለችውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ እዚያ የወጣ ዓይን ውስጥም ሊገባ ይችላል አለ። ወዲያው የዓይን ሐኪም ጋ ደወለ፤ ዛሬውኑ መታየት አለባት አለ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «ሺንግልስ» አለ። የጣሪያ አለመሆኑ አሁን ገብቶኛል።

«ምን አለ?» አለች ብርቄ።

«አልማዝ ባለጭራ ነው አለ።»

«ያ ነው ወይ በይው።»

«ያ ምን?»

«ታውቂያለሽ!» እጄን ጨበጠችው፤ በእጄ እንደያዘችኝ እንኳ የረሳች ይመስለኛል። «ጠይቂው!»

ጠየቅኩት። ያን ቃል በአፌ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። ሐኪሙ አልሳቀም፣ አልተገረመም። ይሄ ልጅ ሳለን ከወጣብን ጉድፍ የሚመጣ ነው አለ። ጉድፉ ሲድን ተዋሲያኑ ከሰውነት አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም አቅም ሲደክም ይነቃል። እሷ ያለችው በሽታ አቅም ስለሚያደክም ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ እሱ ጋ የሚመጡት የአብዛኞቹ ምክንያት ግን ዕድሜ ብቻ ነው። ከፈለገች ምርመራው ቀላል ነው፣ እሱም ቢሆን ዛሬ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም አለ።

«ከማን ያዘኝ በይው።»

«ከማንም አይደለም፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ አንቺው ውስጥ ነበረ አለ።»

«በደንብ ተርጉሚ!»

«በደንብ ነው የተረጎምኩት።»

«ለራስሽ እንዲመችሽ አድርገሽ ነው!»

«አስተርጓሚ በስልክ ይጥራልሽ?»

«ተዪ! ማን እንደሆነ ምን ይታወቃል፣ አገር ይሰማል።»

ሐኪሙ ሽፍታው እስኪደርቅ ከሕፃንና ጉድፍ ካልወጣበት ሰው እንድትርቅ ነገራትና አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ክትባቱን ወስዳ ነበር ወይ?

«ወስደሽ ነበር?» አልኳት።

መሬት መሬት አየች። «ባለፈው ዓመት ነግረውኝ ነበር። ተቆጥቼ ወጣሁ።»

«ለምን?»

«አንቺ ለምን እምቢ አልሽ?» አለችኝ።

እኔና እሷ በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም፤ በዚህ ግን ሳንነጋገር ተስማምተን ኖረናል። አንድ ስም ፈርተን፣ አንድ ዓይነት ቁጣ ተቆጥተን፣ ከየሐኪማችን ቤት እምቢ ብለን ወጥተናል። ልዩነታችን እሷ ላይ መውጣቱ ብቻ ነው።

ወደ ዓይን ሐኪሙ ስንሄድ ስልኬ ጠራ። እትዬ ዘነቡ ናቸው።

«አለርጂ ነው በያቸው» አለች ብርቄ ከኋላ።

«አልዋሽም።»

«እንግዲያው ንገሪያቸውና ይውጣልሽ! ደስ ይበልሽ!»

«አልነግርም። ግንባሩ ያንቺ፣ አፉም ያንቺ። ራስሽ ተናገሪ።» መኪናዬን አቁሜ ስልኩን ወደ ኋላ አቀበልኳት።

ረጅም ጊዜ ያዘችው። ከስልኩ «ሃሎ? ሃሎ?» ይሰማል።

«እትዬ ዘነቡ... እኔ ነኝ። አዎ። አይደለም፣ ፖለን አይደለም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አልማዝ ባለጭራ ነው። እኔ ላይ ነው የወጣው። እሷ ላይ? እሷ ላይ ምንም የለም። እኔ ነኝ ያልኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ።»

የእትዬ ዘነቡ ድምፅ እኔ ድረስ መጣ። «በይሉኝታ ልትታወሪ ነበር? የማትረቢ! ሰናይት፣ ያንን የወይንሸትን ዳቦ አምጪው! እስከ አሁን ሱቅ አብልታናለች!»

ዓይኗ ተረፈ። የዓይን ሐኪሙ ሌላ ቀን ብትቆዩ ኖሮ ይህን ለማለት ይከብደኝ ነበር አለ። ሽፍታው ደርቆ ሄደ። ሕመሙ ግን አልሄደም። ዛሬም ድረስ ግራ ግንባሯ ሻሽ አያስነካም፤ ነፋስ ሲነካት ትጮኻለች። የዓይን ሐኪሙ ያዘዘላትን ጠብታ ከሥራ እየወጣሁ የማደርግላት እኔ ነኝ፤ እጅሽ ከባድ ነው እያለች ትሰድበኛለች፣ ወደ ላይ እዪ እያልኩ እቆጣታለሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ እኔ ፋርማሲ ሄድኩ። ተራ ስጠብቅ አንዲት ያገሬ ሴት ከኋላዬ «ምን ልትወጊ ነው?» አለችኝ።

«አልማዝ ባለጭራ» አልኳት፣ ጮክ ብዬ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ድሮ ቢሆን ይህቺ እርምጃ ትገድለኝ ነበር። «ክትባቱን ነው» አልኳት። «በሽታውም ቢኖርብኝ ደግሞ ቆሞ በማውራት አይጋባም። ተመለሺ፣ ተራሽን እንዳትነጠቂ።»

አንባቢዎቼ፣ ሂዱና ተወጉ አልላችሁም፤ ሐኪም አይደለሁም። የማይስማማው ሰው ይኖራል፤ ስለ ሕመማችሁ ለሐኪማችሁ ተናግራችሁ ጠይቁ። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። የጠየቃችሁት ስለ መርፌው ነው ወይስ ስለ ስሙ? እኔ ጥንቁቅ ነኝ እያልኩ ስኖር የተጠነቀቅኩት ለሰውነቴ መስሎኝ ነበር። ለሰው አፍ ነበር የምጠነቀቀው። ያም አፍ ጽዋ ከለከለኝ እንጂ አላዳነኝም። በዚያ ስም የተነሳ ከአጥር ውጭ የተለቀሰላት ልጅም የሠራችው ኃጢአት አልነበረም፤ ታማ ነው። ይህን ለማወቅ ዕድሜዬ ሃምሳን ማለፍ አልነበረበትም።

መርፌው ሁለት ጊዜ ነው የሚወጋው፤ የመጀመሪያው አሞኛል፣ አልዋሽም። ማታውን አተኮሰኝ፣ ክንዴ አልነሳ አለ። በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ተኝቼ ሳለሁ ብርቄ ደወለች።

«ዛሬ ጠብታዬን ማን ሊያደርግልኝ ነው?»

«አሞኛል። ተወጋሁ።»

«በጣም አመመሽ?»

«በጣም።»

«ደግ አደረገሽ።» ቀጥላም፣ «ቢሆንም ጨርሰሽ ተወጊ። ይሄን የእኔን ሕመም ለጠላቴ አልመኝም» አለች።

«እኔስ ምንሽ ነኝ?»

መልሱን ጠበቅኩ።

«ሁለተኛውን መቼ ነው የምትወጊው?» አለችኝ።